ኮምፒውተሩ ላይ ማን ገብቷል? ስለ ሎግኢን፣ ሎክና ሳይን አውት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ አንድን ኮምፒውተር ሁለት ሦስት ሰው እየተፈራረቀ ለሚሠራባቸው ቦታዎች ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ይሄ የተለመደ ነው። የደብረ ብርሃን መሥሪያ ቤቶች፣ የመሐል ሜዳና የዓለም ከተማ ትምህርት ቤቶች፣ የሸዋ ሮቢት ፎቶኮፒ ቤቶች ብታዩ ያው ነው። ጥያቄዎቹ በስልክም፣ በቴሌግራምም፣ ሻይ ልጠጣ ቁጭ ባልኩበትም የሚመጡልኝ ናቸው። መልሶቹ በዋናነት ዊንዶውስ 10ንና 11ን ይመለከታሉ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ግን ጠረጴዛችን ላይ ያለው አሁንም ባብዛኛው እሱ ነው። በዊንዶውስ ቦታ ስለሚጫነው ስለ ኡቡንቱ ወደ ታች ትንሽ አለ።

ሴሽን የሚባለው ምንድን ነው?

ዩዘርኔምና ፓስወርድ አስገብታችሁ ከገባችሁ ጀምሮ ሳይን አውት እስክታደርጉ ያለው ቆይታችሁ ነው። በዚያ መሀል የከፈታችሁት ወርድ፣ ኤክሴልና ክሮም ሁሉ በእናንተ ስም ይሠራል። ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ቆይታ ቁጥር ይሰጠዋል። ዊንዶውስ ላይ ቁጥር 0 የማሽኑ የራሱ ነው። ሰው የሚገባው ከ1 ጀምሮ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ አንድን ትልቅ ኮምፒውተር ብዙ ሰው በአንዴ እንዲጠቀምበት የሚያደርግ ሲስተም ሠርተው አሳዩ። የአንዱ ሥራ ከሌላው እንዳይደባለቅ ለእያንዳንዱ ሰው ፓስወርድ ተሰጠ። በዓመቱ አላን ሼር የተባለ ተመራማሪ በሳምንት የተፈቀደለት 4 ሰዓት አልበቃው አለ። የፓስወርዶቹን ዝርዝር አሳትሞ ወሰደና በሰው ስም እየገባ ሥራውን ቀጠለ። ኢንተርኔት ቤት ሰዓታቸው ሲያልቅ የጓደኛቸውን ቁጥር የሚለምኑ ልጆች አዲስ ነገር አልፈጠሩም።

ሎክ፣ ሳይን አውት፣ ስዊች ዩዘር፣ ስሊፕ፣ ሻት ዳውን… ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሎክ ማድረግ የተከራዩትን ቤት ቆልፎ መውጣት ነው፤ ዕቃው እንዳለ ውስጥ ነው። ሳይን አውት ደግሞ ዕቃውን ጭኖ ቤቱን መልቀቅ ነው። ሎክ ስታደርጉ የከፈታችሁት ፋይል እንደተከፈተ ይቆያል፤ ስትመለሱ ፓስወርድ አስገብታችሁ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ። ሳይን አውት ስታደርጉ ፕሮግራሞቹ ይዘጋሉ፣ የያዙት ሚሞሪም (ማሽኑ ሥራውን ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ) ይለቀቃል።

ስዊች ዩዘር የእናንተን ቆይታ ሳይዘጋ ሌላ ሰው በራሱ ስም እንዲገባ ያደርጋል። ሁለታችሁም ውስጥ ናችሁ፤ ስክሪኑን የያዘው ግን አንዱ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ችግር የሚገጥመን እዚህ ላይ ነው፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ስሊፕ ሥራችሁን ሚሞሪ ላይ እንዳለ አቆይቶ ማሽኑን ያስተኛዋል። ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ሃይበርኔት ሁሉንም ሃርድ ዲስክ ላይ ጽፎ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ መብራት ቢሄድም ምንም አይሆንም። ሻት ዳውን ሁሉንም ሰው አስወጥቶ ያጠፋል።

ለመሥሪያ ቤት የምመክረው አጭር ነው። ለሻይ ስትነሱ ሎክ፤ ወንበሩን ለሌላ ሰው ስትለቁ ሳይን አውት፤ ማታ ሻት ዳውን። ሎክ ለማድረግ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ ኤልን መንካት ነው። አንድ ሰከንድ አይፈጅም።

ስክሪኑን አጥፍቼ ብሄድስ?

ያጠፋችሁት ስክሪኑን ብቻ ነው። ሲፒዩው እየሠራ ነው፤ እናንተም ገና ውስጥ ናችሁ። የሚቀጥለው ሰው ስክሪኑን ሲያበራ የእናንተን ኢሜይል ያገኛል።

እኛ ሁላችንም "አድሚን" በሚል አንድ አካውንት ነው የምንገባው። ለዓመታት ሠርተናል፤ ምን ችግር አመጣ?

ይህ ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። አንድ ቢሮ ገብቼ "እትዬ፣ ይሄ ኮምፒውተር በማን ስም ነው የተከፈተው?" ብዬ ስጠይቅ "በመሥሪያ ቤቱ ስም ነዋ!" የሚል መልስ አገኛለሁ። ፓስወርዱ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። ባለጉዳይ ሳይቀር ያነበዋል።

ችግሩ የሚታየው ነገር የጠፋ ዕለት ነው። ደብዳቤ ተሰርዟል፣ የደመወዝ ዝርዝር ላይ ቁጥር ተቀይሯል፣ ሚስጥር ወጥቷል እንበል። መዝገቡ የሚለው "አድሚን ገባ፣ አድሚን ወጣ" ነው። አድሚን ደግሞ ሁሉም ሰው ነው። በዚህ ጊዜ ጥርጣሬው የሚያርፈው ባጠፋው ላይ አይደለም፤ ማታ አምሽቶ በታየው ወይም በአዲሱ ሠራተኛ ላይ ነው። የየራስ አካውንት ሰው ለመሰለል የሚመስላቸው አሉ። እኔ የማየው የተገላቢጦሹን ነው፤ ያላጠፋውን ሰው የሚያድነው እሱ ነው።

ሁለተኛው ነገር ቫይረስ ነው። አድሚን፣ ማለትም ማሽኑ ላይ ሁሉን የመቀየር ሥልጣን ያለው ዩዘር፣ ሆናችሁ ስትሠሩ ፍላሽ ላይ የመጣ ቫይረስም በእናንተ ሥልጣን ነው የሚሠራው። ተራ ዩዘር ብትሆኑ ብዙ ቦታ ላይ የአድሚን ፓስወርድ ይጠየቃል፣ እዚያ ይቆማል። ሁሉንም አያስቆምም፤ ግን ጉዳቱን ያሳንሰዋል።

ስለዚህ አንድ የአድሚን አካውንት ይኑር። ፓስወርዱ በኃላፊውና በአይቲ ባለሙያው እጅ ይሁን። ለየሰዉ "ስታንዳርድ ዩዘር" ይከፈትለት። ሴቲንግስ ውስጥ አካውንትስ፣ ከዚያ አዘር ዩዘርስ የሚለው ጋ ገብታችሁ ትጨምራላችሁ። ዊንዶውስ መጀመሪያ ኢሜይል ይጠይቃችኋል። "የዚህ ሰው መግቢያ የለኝም" የሚለውን፣ ቀጥሎም "ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት ጨምር" የሚለውን መርጣችሁ ታልፉታላችሁ። ለአንድ ሰው ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ስም ስትሰጡ "ዩዘር 1፣ ዩዘር 2" አትበሉ። የሰውየውን ስም ጻፉ፤ ከዓመት በኋላ ዩዘር 2 ማን እንደነበረ የሚያስታውስ አይገኝም።

ለየብቻ ከሆንን ደብዳቤዎቹን እንዴት እንቀባበላለን?

ዊንዶውስ ለዚህ ብሎ ያስቀመጠው ፎልደር አለ። ሲ ድራይቭ ውስጥ ዩዘርስ፣ እዚያ ውስጥ ፐብሊክ ይባላል። እዚያ የተቀመጠውን ማንኛውም በማሽኑ ላይ አካውንት ያለው ሰው ያገኘዋል። የጋራ የሆነውን ፐብሊክ ውስጥ፣ የግል የሆነውን የራሳችሁ ዶክዩመንትስ ውስጥ አድርጉ። አንዱ ተራ ዩዘር የሌላውን ዶክዩመንትስ መክፈት አይችልም። አድሚን ግን ይችላል፤ ይህንንም እወቁት።

ጠዋት ፈጣን ነው፤ ከሰዓት በኋላ ስታክ ያደርጋል። ፎርማት ይደረግ?

እባካችሁ ቆዩ። እኛ ጋ ፎርማት ለሁሉም በሽታ የሚታዘዝ መድኃኒት ሆኗል።

መጀመሪያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። ዩዘርስ የሚለውን ክፈቱ። ዊንዶውስ 10 ላይ ጥቂት ነገር ብቻ ከታየ መጀመሪያ "ሞር ዲቴልስ" የሚለውን ንኩ። አሁን ማሽኑ ላይ ማን ማን እንዳለ፣ እያንዳንዱም ስንት ሚሞሪ እንደያዘ ታያላችሁ። ከስም ጎን "ዲስኮኔክትድ" ካለ ሰውየው በስዊች ዩዘር ቦታውን ለቋል እንጂ አልወጣም። ክሮሙ ከነታቡ፣ ኤክሴሉ፣ ቴሌግራሙ ሁሉ ክፍት ነው። 4 ጊጋ ሚሞሪ ያለው ማሽን ላይ እንዲህ ያሉ ሦስት ሰዎች ካሉ ከሰዓት በኋላ ቢያቃስት አይገርምም።

ሰውየውን አስጠርታችሁ ሥራውን ሴቭ ያድርግና ይውጣ። ካልተገኘና እናንተ አድሚን ከሆናችሁ ስሙ ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ሳይን ኦፍ ማለት ትችላላችሁ። ግን ሴቭ ያላደረገው ሁሉ ይጠፋል። ስልክ መደወል ይቀድማል። በተለይ የሒሳብ ሠራተኛ ከሆነ ሁለቴ ደውሉ።

በዚሁ ምክንያት የሚመጣ ሌላ ቅሬታ አለ። ወርድ ወይም ኤክሴል ስትከፍቱ ፋይሉ በሌላ ሰው ተይዟል፣ ማንበብ ብቻ ነው የምትችሉት ይላችኋል። ፋይሉ አልተበላሸም። የጠዋቱ ሰው ሳይዘጋው ሄዶ ነው።

ላጠፋ ስል "ሌላ ሰው አሁንም ይህን ኮምፒውተር እየተጠቀመ ነው" ይለኛል። እኔ ብቻዬን ነኝ እኮ!

ክፍሉ ውስጥ ብቻችሁን ናችሁ፤ ማሽኑ ውስጥ ግን አይደላችሁም። ከላይ እንዳልኩት ሳይወጣ የሄደ ሰው አለ። "የሆነው ይሁን" ብላችሁ ካጠፋችሁ የሱ ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል። ታስክ ማኔጀርን ከፍታችሁ ማን እንደሆነ እዩ፣ ከዚያ ወስኑ።

ሎክ ማድረግ እንረሳለን። ራሱ እንዲያደርገው አይቻልም?

ይቻላል። ሴቲንግስ ውስጥ "ስክሪን ሴቨር" ብላችሁ ፈልጉ። የደቂቃውን ቁጥር 5 ወይም 10 አድርጉ። ከጎኑ ያለችውን፣ ሲመለስ የመግቢያ ገጹን አሳይ የምትለውን ሳጥን ምልክት አድርጉባት። እሷ ከተረሳች ስክሪን ሴቨሩ ጌጥ ብቻ ነው።

ብሉቱዝ ላለው ማሽን ደግሞ ዳይናሚክ ሎክ የሚባል አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. የመጣ ነው። ስልካችሁን ከኮምፒውተሩ ጋር ታገናኛላችሁ፤ ስልካችሁን ይዛችሁ ስትርቁ ማሽኑ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይቆልፋል። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ቻርጅ ሰክቶ ለሚሄድ ሰው ግን አይሠራም። የእኛ ቢሮ ሰው ደግሞ እንደሱ ነው።

ሎክ ካደረግኩ የላክሁት ፕሪንት ይቆማል? ዳውንሎዱስ?

አይቆምም። ማሽኑ ስሊፕ ውስጥ ከገባ ግን ዳውንሎዱ ይቆማል።

መብራት ድንገት ሲሄድ ሴሽኔ ምን ይሆናል?

ዴስክቶፕ ከሆነና ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ከሌለው በቃ ይቋረጣል። ሳይን አውት የሚባል ነገር አይኖርም። ሚሞሪ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፤ ሃርድ ዲስክ ላይ የተጻፈው ይቀራል። መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ከመግቢያው ገጽ ይጀምራል።

ወርድና ኤክሴል በየ10 ደቂቃው ለክፉ ቀን የሚሆን ኮፒ ያስቀምጣሉ። እንደገና ስትከፍቷቸው በስተግራ በኩል የተረፈውን ያሳዩዋችኋል። አትዝጉት! ብዙ ሰው ምን እንደሆነ ሳያይ ይዘጋውና "ጠፋብኝ" ብሎ ይደውላል። 10 ደቂቃው ለእኛ አገር መብራት ይበዛል። ኦፕሽንስ ውስጥ ሴቭ የሚለው ጋ ገብታችሁ ወደ 2 ደቂቃ አውርዱት። እጃችሁንም ኮንትሮልና ኤስ አስለምዱት።

ስሊፕ ላይ የነበረ ዴስክቶፕም መብራት ሲሄድ ይጠፋል። ሃይብሪድ ስሊፕ የሚባለው ከበራ ሥራው ሃርድ ዲስክ ላይም ስለሚጻፍ ይተርፋል። ላፕቶፕ ባትሪው ደህና እስከሆነ ድረስ ችግር የለበትም። ለምሳ ከወጣችሁ፣ ደመናውም ከጠቆረ፣ ሃይበርኔት ይሻላል። ከመጀመሪያው ከማጥፊያ ምርጫዎቹ መሀል ላይታይ ይችላል። ኮንትሮል ፓናል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ገብታችሁ የማጥፊያ ቁልፎች ሥራ የሚመረጥበት ቦታ ላይ ታበሩታላችሁ።

ዩፒኤስ ያላችሁ ደግሞ የዩኤስቢ ገመድ መሰኪያ ያለው መሆኑን እዩ። ካለው ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኙት። ዊንዶውስ ዩፒኤሱን እንደ ላፕቶፕ ባትሪ ሊያየው ይችላል፤ ሊያልቅ ሲል ራሱ ሃይበርኔት እንዲያደርግ ታዙታላችሁ። ሌዘር ፕሪንተርን ግን ዩፒኤስ ላይ አትሰኩ። ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ትንሹን ዩፒኤስ ይጥለዋል።

ሻት ዳውን አድርጌ ሳበራው ችግሩ እንዳለ ነው። ሪስታርት ሳደርገው ግን ይስተካከላል። ለምን?

ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው ነገር ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ አለ። ሻት ዳውን ስትሉ የሰዎቹን ሴሽን ይዘጋል፤ የሲስተሙን የራሱን ግን ሃይበርኔት አድርጎ ነው የሚያቆየው። ጠዋት ቶሎ የሚነሳው ለዚህ ነው። ትናንት የነበረበት ችግርም አብሮ ይነሳል። ሪስታርት ሁሉንም ከዜሮ ይጀምራል። አንድ ነገር ሲያስቸግራችሁ መጀመሪያ ሪስታርት አድርጉ።

ትናንት ማታ ማን እንደገባ ማወቅ እችላለሁ?

የየራስ አካውንት ካላችሁ፣ ባብዛኛው አዎ። ኢቨንት ቪወር (የማሽኑ መዝገብ የሚታይበት ፕሮግራም) ብላችሁ ፈልጉና በአድሚን ክፈቱት። ዊንዶውስ ሎግስ፣ ከዚያ ሴኩሪቲ። በሺዎች የሚቆጠር መስመር ስታዩ አትደንግጡ። በስተቀኝ ባለው ማጣሪያ ቁጥር እያስገባችሁ ፈልጉ። 4624 የተሳካ መግባት ነው። 4625 ያልተሳካ ሙከራ ነው። 4647 ሰው ራሱ ሳይን አውት ያለበት ነው።

4624 ብቻውን ያሳስታል፤ ማሽኑ ራሱም ለራሱ ሥራ ይገባልና። ዝርዝሩን ከፍታችሁ "ሎጎን ታይፕ" የሚለውን እዩ። 2 ከሆነ ሰው ኪቦርዱ ጋ ቁጭ ብሎ ገብቷል። 7 ከሆነ ሎኩን ከፍቷል። 10 ከሆነ በሪሞት ዴስክቶፕ ከሌላ ቦታ ገብቷል። 3 በኔትዎርክ የጋራ ፎልደር የመሰለ ነገር የነካ ነው። 5 የማሽኑ የራሱ አገልግሎት ነው፤ እለፉት።

አሁን ሰዓቱ ላይ ተጠንቀቁ። ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። መዝገቡ የፈረንጅ ሰዓትና ቀን ነው የሚጽፈው። 9:30 የሚለው የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ነው። 14:30 ከሰዓት 8 ተኩል ነው። 20:00 ማታ 2 ሰዓት ነው። እኛ "ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ 8 ሰዓት" የምንለውን መዝገቡ ዓርብ 2:00 ይለዋል። ይህን ያላየ ኃላፊ ሐሙስ ማታ ያመሸውን ሠራተኛ ትቶ ዓርብ ጠዋት በ2 ሰዓት የገባውን ምስኪን ያፋጥጣል። ኧረ በሕግ!

ማሽኑ የያዘውን የሰዓት ክልልም እዩ። ዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ የሚል የለም፤ ናይሮቢ የሚለውን ምረጡ፣ ሰዓታችን አንድ ነው። ሲጫን የምዕራብ አሜሪካን (ፓሲፊክ) ክልል ይዞ የቀረ ማሽን የሚያሳያችሁ በ10 ወይም በ11 ሰዓት የተዛነፈ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ ካለቀች ደግሞ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። እንዲህ ባለ ማሽን መዝገብ ሰው ለመክሰስ አትሞክሩ። ባትሪዋ ርካሽ ናት፤ ቀይሯት።

መብራት ሄዶ የጠፋ ማሽን ላይ መግባቱ ይኖራል፤ መውጣቱ አይኖርም። ሰውየው ሳይወጣ አድሯል ማለት አይደለም። ሲስተም በሚለው መዝገብ ውስጥ ቁጥር 41 ካለ ማሽኑ በአግባቡ ሳይዘጋ እንደጠፋ ይነግራችኋል።

መዝገቡ ዘላለማዊም አይደለም። ከፋብሪካው 20 ሜጋ ባይት ነው፤ ሲሞላ የድሮው እየተሰረዘ አዲሱ ይጻፋል። የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ቶሎ ፋይል አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ወይም መጠኑን አሳድጉት።

ከሥራ ሰዓት ውጭ እንዳይገባ ማድረግስ?

ማሽኑ ላይ ለተከፈተ አካውንት ይቻላል። ኮማንድ ፕሮምፕትን (ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት) በአድሚን ከፍታችሁ "ኔት ዩዘር" ትጽፋላችሁ። ስሙን ታስከትላላችሁ። ከዚያ ስላሽና "ታይምስ" ብላችሁ ቀንና ሰዓት ትሰጣላችሁ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሙሉ ሰዓት እንጂ ተኩል አይቀበልም። የቢሮ ሰዓት ከ2:30 እስከ 11:30 ከሆነ ከጠዋት 2 እስከ ማታ 12 ስጡ። በፈረንጅ ከ8 እስከ 18 ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር 2 እና 11 ብላችሁ ብታስገቡ ማሽኑ በሌሊት 8 ሰዓት ይከፈታል፣ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ይከለክላል። ዘበኛው ብቻ ይጠቀምበታል። ሁለተኛ፣ ይህ አዲስ መግባትን ነው የሚከለክለው። ቀድሞ የገባን ሰው ሰዓቱ ሲደርስ ከወንበሩ አያስነሳውም።

ከዊንዶውስ ከወጣሁ ከቴሌግራምና ከጂሜይልም ወጣሁ ማለት ነው?

አይደለም። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዊንዶውስ ላይ የየራሳችሁ አካውንት ካላችሁ ብዙ አያሳስብም፤ ሌላው ሰው በራሱ ሲገባ የእናንተ ክሮም አይከፈትለትም። የጋራ አካውንት ከሆነ፣ ወይም ፎቶኮፒ ቤትና ኢንተርኔት ቤት ከሆነ፣ ነገሩ ከባድ ነው። ዶክመንት ፕሪንት ለማስደረግ ቴሌግራማቸውን ከፍተው፣ ወረቀቱን ይዘው፣ ታክሲ ተሳፍረው ይሄዳሉ። ቴሌግራማቸው ግን እዚያው ቀርቷል። የሚላክላቸውን ሁሉ የማያውቁት ሰው ያነባል።

ስልካችሁ ላይ ቴሌግራም ከፍታችሁ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ዲቫይስስ ግቡ። የተከፈተባቸው ማሽኖች በዝርዝር ይመጣሉ። የማታውቁትን ነክታችሁ አስወጡት፤ ወይም ከስልካችሁ በቀር ሁሉንም በአንዴ ዝጉ። አካውንቱን ገና አሁን አዲስ ስልክ ላይ ከፍታችሁት ከሆነ ወዲያው ላይፈቅድላችሁ ይችላል፤ ቆይታችሁ ሞክሩ። እዚያው ከታች ለረጅም ጊዜ ያልተነካ ማሽን ራሱ እንዲወጣ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ አሳጥሩት። ለጂሜይል የጉግል አካውንታችሁ ውስጥ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ዲቫይስስ የሚለው ጋ ተመሳሳይ ነገር አለ።

በሰው ኮምፒውተር ክሮም ላይ የግድ ከገባችሁ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤንን ተጭናችሁ በኢንኮግኒቶ (ሲዘጋ የገባችሁበትን በማያስቀረው መስኮት) ክፈቱ። ስትጨርሱ መስኮቶቹን ሁሉ ዝጉ። የሕዝብ ኮምፒውተር የምታሠሩ ደግሞ፣ ደንበኛ በተነሳ ቁጥር ክፍት የቀረ ነገር ካለ አይታችሁ የመዝጋት ልማድ ቢኖራችሁ ደንበኛ አያጣችሁም።

ገብቼ ዴስክቶፑ ባዶ ሆነብኝ። ፋይሎቼ የሉም። ተሰረቅሁ?

ባብዛኛው አልተሰረቃችሁም። ዊንዶውስ የእናንተን ፕሮፋይል መክፈት ሲያቅተው ጊዜያዊ ፕሮፋይል ይሰጣችኋል። ጥግ ላይ መልእክት ያሳያል፤ ማንም አያነበውም። ፋይሎቻችሁ ሲ ድራይቭ፣ ዩዘርስ ውስጥ በስማችሁ ባለው ፎልደር ባብዛኛው እንዳሉ ናቸው።

ዋናው ነገር በዚያ ሁኔታ አትሥሩ። እዚያ ዴስክቶፕ ላይ የምታስቀምጡት ሁሉ ሳይን አውት ስትሉ ይሰረዛል። ቀድማችሁ የጻፋችሁት ካለ ፍላሽ ላይ ገልብጡ፣ ከዚያ ሪስታርት አድርጉ። አንድ ሁለቴ ሪስታርት አድርጋችሁ ካልተመለሰ ባለሙያ ይየው። በፎርማት የሚጀምር ባለሙያ ከሆነ ግን ፋይሉን አስገልብጡና ሌላ ሰው ፈልጉ።

ፓስወርዴን በትክክል እያስገባሁ አልቀበልም ይላል።

ካፕስ ሎክ በርቷል? ቁጥር ካለው ነም ሎክ ጠፍቷል? የመግቢያው ገጽ ጥግ ላይ ያለው የቋንቋ ምልክት እንግሊዝኛ ነው? ሳጥኑ ጎን ያለችውን የዓይን ምልክት ተጭናችሁ የጻፋችሁትን እዩ። ከሦስት አንዱ ይሆናል።

በእርግጥ ከረሳችሁት፣ አድሚኑ አዲስ ሊሰጣችሁ ይችላል። ማሽኑ ውስጥ ያስቀመጣችኋቸው ሌሎች ፓስወርዶች ግን ሊጠፉ ይችላሉ። የገባችሁት በማይክሮሶፍት አካውንት ከሆነ ከስልካችሁ ኢንተርኔት ላይ ትቀይሩታላችሁ። እየገመታችሁ አትደብድቡት። በ2022 እ.ኤ.አ. ከወጣው የዊንዶውስ 11 ዝማኔ ወዲህ አዲስ የተጫነ ማሽን 10 ጊዜ ከተሳሳታችሁ ለ10 ደቂቃ ይቆልፋል።

እኛ መሐል ሜዳ ነን። አይቲው ደብረ ብርሃን ሆኖ በኤኒዴስክ ይገባል። እሱስ የማን ሴሽን ነው?

የእናንተ። ኤኒዴስክና ቲምቪወር የእናንተን ስክሪን ነው የሚያጋሩት። የሚሠራውን ሁሉ ታያላችሁ፤ መዝገቡም በእናንተ ስም ነው። ስለዚህ ኢሜይላችሁን ዝጉ፣ እስኪጨርስ ቁጭ ብላችሁ እዩ፣ ሲጨርስ ፕሮግራሙን ዝጉት። እናንተ ሳትፈቅዱ የሚገባበት ፓስወርድ አስቀምጦ ከሆነ ለምን እንደሆነ ጠይቁት።

የዊንዶውስ የራሱ ሪሞት ዴስክቶፕ ይለያል። ተራው ዊንዶውስ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ስለሚፈቅድ ከርቀት ሲገቡ እዚያ ያለው ስክሪን ይቆለፋል። ዊንዶውስ ሆም ላይ ደግሞ ከርቀት መግባት ጭራሽ አይቻልም፤ ፕሮ ያስፈልጋል።

ሠራተኛው በዝውውር ሄደ። አካውንቱን እናጥፋው?

መጀመሪያ ዝጉት እንጂ አታጥፉት። አካውንት ስታጠፉ ዊንዶውስ ዴስክቶፑንና ዶክዩመንትሱን አብሮ ልሰርዝ ይላል። የመሥሪያ ቤቱ ሥራ እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ "ኔት ዩዘር"፣ ስሙ፣ ከዚያ ስላሽ "አክቲቭ" ኮለን "ኖ" ካላችሁ መግባት ያቆማል፤ ፋይሉ ግን ይቆያል። ርክክቡ ካለቀ በኋላ ታጠፉታላችሁ።

እኛ ኡቡንቱ ነው የምንጠቀመው።

ሐሳቡ ያው ነው። ተርሚናል ከፍታችሁ ደብሊው የምትለዋን አንዲት ፊደል ብቻ ጽፋችሁ ኢንተር ስትሉ ማን እንደገባ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን እየሠራ እንደሆነ ያሳያችኋል። "ላስት" የሚለው ትእዛዝ የቀድሞ መግባትና መውጣቶችን ያወጣል። የአንድን ሰው ቆይታ መዝጋት ካስፈለገ "ሎግኢን ሲቲኤል" የሚባለው መሣሪያ ሴሽኖቹን በቁጥር ይዘረዝራል፣ በዚያው ቁጥር ትዘጋላችሁ። ስክሪኑ ስታክ ካደረገ ሲፒዩውን ከመንቀል በፊት ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ 3ን አንድ ላይ ተጫኑ። ጥቁር የመግቢያ ገጽ ይመጣል። እዚያ ገብታችሁ የተጣበቀውን ሴሽን ብቻ መዝጋት ትችላላችሁ።